ሦስት እግር የቀራት ትንሽ ውሻ እንድትበረታ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከወይራ ሰፈር እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ፣ ውሻ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። አያቶች በልጅነታቸው የሚያውቁት ውሻ በር ላይ ታስሮ ሌሊቱን ሲጮኽ የሚያድረውን ነበር። ዛሬ ግን ከእሱ በተጨማሪ ከሦስት እስከ ስምንት ኪሎ የሚመዝኑ፣ ከጥበቃ ይልቅ የልጆች ጓደኛ የሆኑ ትንንሽ ውሾች በየቤቱ ገብተዋል። ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ በቤተ መንግሥታቸው እንደነበራቸው በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ያስታውሱ ይሆናል።

ትንንሽ ውሾች ለአደጋ ቅርብ ናቸው። በር ሲከፈት ሾልከው ይወጣሉ። ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ነጂ አያያቸውም። በጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ባጃጅ ይገጫቸዋል፤ የሰፈር ትልቅ ውሻ ይነክሳቸዋል። አጥንቱ መጠገን በማይችልበት ሁኔታ ሲደቅ፣ ነርቩ ሲበጠስ ወይም እግሩ ላይ ክፉ ዕጢ ሲወጣ ሐኪሙ «እግሩ መቆረጥ አለበት» ይላል። ያኔ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ጎረቤት ደግሞ «ከምትሠቃይ ብትገላግሏት አይሻልም?» ማለቱ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ የእንስሳት ሕክምና የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ሌሎቹ ሦስት እግሮቿ ጤነኛ ከሆኑ፣ አብዛኞቹ ውሾች በሦስት እግር መራመድ፣ መሮጥና መጫወት ይችላሉ። ትንንሾቹ ደግሞ የሚሸከሙት አካል ቀላል በመሆኑ ቶሎ ይለምዱታል። ብዙዎቹ በቀዶ ሕክምናው ማግስት ተነሥተው ይቆማሉ።

እንዲያውም ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ውሻዋ መራመድ ስትጀምር ቤተሰቡ «እሰይ፣ ዳነች!» ብሎ ይዘናጋል። ትንሽ ውሻ ግን በደንብ ከተያዘች 12 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። በሁለት ዓመቷ እግሯን ያጣች ውሻ ቀሪዎቹ ሦስቱ ለአሥር ዓመት ያህል ሊያገለግሏት ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ትራመዳለች ወይ?» ሳይሆን «እስከ እርጅናዋ እንድትራመድ ምን እናድርግ?» የሚለው ነው።

አባቶቻችን ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ነው። ሦስት ጉልቻ ድስቱን ችሎ ይቆማል፤ መሬቱ ከተስተካከለና ድስቱ ከልክ በላይ ካልተሞላ። የባለ ሦስት እግር ውሻም ነገር እንዲሁ ነው፤ ወለሉ፣ ክብደቷና የየቀኑ እንቅስቃሴዋ ሲስተካከሉ ጸንታ ትቆማለች።

ሸክሙ ወዴት ይሄዳል?

ጤነኛ ውሻ ስትቆም ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በፊት እግሮቿ ላይ ነው። የቀረው 40 በመቶ የኋላዎቹ ድርሻ ነው። የጭንቅላትና የደረት ክብደት ወደ ፊት ስለሚያመዝን ነው።

ስለዚህ የትኛው እግር እንደተቆረጠ ማወቅ ለአያያዙ ወሳኝ ነው። የፊት እግር ከጎደለ፣ ቀድሞ 30 በመቶ ገደማ ይሸከም የነበረው አንዱ የፊት እግር ብቻውን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ክብደት ይሸከማል። ለእንዲህ ዓይነቷ ውሻ ቁልቁለት መውረድ፣ ከሶፋ መዝለልና አጎንብሶ መብላት ከባድ ነው። የኋላ እግር ከጎደለ ደግሞ መሬት ገፍቶ የሚያስፈነጥረው ኃይል ይቀንሳል። ለእሷ የሚከብዳት ዳገት መውጣት፣ ከተኛችበት መነሣትና ደረጃ መውጣት ነው።

የተቆረጠው እግር ጎን ጡንቻ ሲሟሽሽ፣ የሌላው ጎን ትከሻ፣ ዳሌና አከርካሪ አብዝተው ይሠራሉ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

አንዳንድ ቤተሰቦች ሰው ሠራሽ እግር ስለ ማስገጠም ይጠይቃሉ። ብዙውን ጊዜ እግሩ የሚቆረጠው ከትከሻ ወይም ከታፋ ላይ በመሆኑ የሚገጠምበት ጉማጅ አይቀርም። ባለ ጎማ ጋሪም ቢሆን ከሦስቱ እግሮች ሌላ ለሚደክምባት ውሻ እንጂ ለሁሉም አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ስፌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈታል። እስከዚያ ድረስ ዕረፍት ይቀድማል። ወደ ውጭ የምትወጣው ለመጸዳዳት ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይሁን።

ስትራመድ ለመደገፍ አሮጌ ነጠላ ወይም ፎጣ በቂ ነው። የኋላ እግሯ ለተቆረጠ ውሻ ፎጣውን ከሆዷ ሥር አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያዙ። የፊት እግሯ ለተቆረጠ ደግሞ ከደረቷ ሥር ይሁን፤ ቁስሉን ግን አይንካ። አንጠልጥላችሁ አትሸከሟት፤ ፎጣው እንዳትወድቅ የሚጠብቅ እንጂ የሚያራምዳት መሆን የለበትም። በአንገት ማሰሪያ መጎተት ሚዛኗን ስለሚያስታት፣ የደረት ማሰሪያ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል።

ቁስሉን እንዳትልስ ሐኪሙ የሚሰጠውን የአንገት መከለያ አታውልቁ። በቁስሉ ዙሪያ ጥቂት እብጠትና መበለዝ ሊኖር ይችላል። መጥፎ ሽታ፣ መግል፣ የተከፈተ ስፌት ወይም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

አንድ ነገር በቀይ ቀለም ይጻፍ፤ ከቤት መድኃኒት ሳጥን አውጥታችሁ ማስታገሻ አትስጧት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ኩላሊትንም ያከሽፋሉ። ፓራሲታሞልም ጉበቷን ሊጎዳ ይችላል። ለሰው አንድ ፍሬ የሆነው ክኒን ለአራት ኪሎ ውሻ ከባድ መርዝ ሊሆን ይችላል። የሕመም ማስታገሻዋን በክብደቷ ለክቶ የሚያዝላት የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው።

ወለሉን አስተካክሉ

ባለ ሦስት እግር ውሻን ከሁሉም በላይ የሚያደክማት የሚያንሸራትት ወለል ነው። ሴራሚክ፣ ሊሾ፣ ሰም የተቀባ ጣውላና የላስቲክ ምንጣፍ ሁሉም አደገኛ ናቸው። አራት እግር ያላት ውሻ አንዱ ቢከዳት በሦስቱ ትደገፋለች። ባለ ሦስት እግሯ ግን አንዱ ሲንሸራተትባት ሁለት ብቻ ይቀራታል። በወደቀች ቁጥር ፍርሃት ያድርባትና መንቀሳቀስ ታቆማለች፤ ስታቆም ጡንቻዋ ይቀንሳል፤ ጡንቻዋ ሲቀንስ እንደገና ትወድቃለች።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከመኝታዋ ወደ ምግቧ፣ ከምግቧ ወደ በሩ የሚወስድ «መንገድ» በአሮጌ ምንጣፍ ወይም በታጠበ ጆንያ አንጥፉላት። ምንጣፉ ራሱ እንዳይንሸራተት ጠርዙን አጣብቁት። ጥፍሮቿን በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ቁረጡ። በመርገጫዋ መካከል የሚያድገውንም ፀጉር ከርክሙ፤ ረጅም ጥፍርና ፀጉር ሴራሚክ ላይ እንደ በረዶ ሸርተቴ ይሆናሉ።

የምግብና የውኃ ሳህኗን በአንድ ጡብ ወይም በዝቅተኛ ሣጥን ላይ እስከ ደረቷ ከፍ አድርጉት። ሶፋ ላይ መውጣት የለመደች ከሆነ ጠንካራ ትራስ እንደ ደረጃ አስቀምጡላት፤ ወይም አውርዱና አውጧት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ደረጃውን ተሸክማችሁ አሳልፏት። ስትሸከሟት አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር ይሁን። ልጆች የፊት እግርና ብብት ይዘው ማንሣት ይወዳሉ፤ ያ የቀራትን እግር መገጣጠሚያ ይጎዳል።

ምዕራብ አዲስ አበባ ከፍታ ነውና በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ባዶ ስሚንቶ ላይ ያደረች ውሻ ጠዋት ደርቃ ትነሣለች። ከታች ካርቶን፣ ከላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ያለው መኝታ ለመገጣጠሚያዋ መድኃኒት ነው።

በኮልፌ በእምነታቸው ምክንያት ውሻ ወደ ቤት የማያስገቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ይህ ለማገገሟ እንቅፋት አይሆንም። ዝናብ የማያገኘው በረንዳ ሥር፣ ከመሬት በጣውላ ከፍ ያለ ደረቅ ማደሪያ አዘጋጁላት። በክረምት ጭቃው እንዳያንሸራትታት እስከምትጸዳዳበት ቦታ ድረስ ጠጠር ወይም ጆንያ ይነጠፍላት።

ከሳህኗ የሚመጣ አደጋ

እግሯን ያጣች ውሻ ስታሳዝነን ፍቅራችንን የምንገልጸው በምግብ ነው። አያት ከሞሰቡ ይቆርሳሉ፤ ልጅ ከጠረጴዛ ሥር ያቀብላል። ውጤቱ ግን በሦስት እግር ላይ የተጨመረ ሸክም ነው። አራት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ግማሽ ኪሎ መጨመር፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰባት ኪሎ ተኩል እንደ መጨመር ነው።

በወር አንድ ጊዜ መዝኗት። መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ከዚያ ታቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡና ቀንሱ። የጎን አጥንቶቿንም በእጃችሁ ዳስሱ። ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ ስትነኩ የሚሰማችሁን ዓይነት ከሆነ ልክ ናት። እንደ ጭብጥ አንጓ ከጎረበጠ ከስታለች። እንደ መዳፍ ሥጋ ከለሰለሰና አጥንቱ ካልተገኘ ወፍራለች። ይህን ምርመራ የስምንት ዓመት ልጅም ይማረዋል።

ከመጠኑ ሌላ ዓይነቱም ያሳስባል። ወጥና ሽሮ ያለ ሽንኩርት አይሠሩም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በሰሉም ባልበሰሉም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ለአንድ ኪሎ ክብደት 15 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል፤ ለአራት ኪሎ ውሻ 60 ግራም ማለት ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ራስ ያነሰ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላቷም ይጎዳታል። ስለዚህ ወጥ የነካ እንጀራ ለእሷ አይሆንም።

ጡንቻ የሚገነባው በፕሮቲን ነው። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ፣ ጥቂት ጉበት፣ ቅቤና በርበሬ ያልነካው የተቀቀለ እንቁላል ከሩዝ ጋር ተመጥኖ ይሰጣት፤ ሙሉ ምግቧ እቤት የሚዘጋጅ ከሆነ ግን ድርሻውን ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩበት። ቤተሰቡ በሚጾምበት ወራት የእሷ ነገር እንዳይረሳ፤ ውሻ ጾም የለባትም። በዓል ሲመጣ ደግሞ ጮማና የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሰጣት። ጮማው ቆሽቷን ያስቆጣል፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ያልተመከነች ከሆነችም ከሐኪሟ ጋር ተማከሩ። በሦስት እግር እርግዝና መሸከም ከባድ ነው።

ቀስ በቀስ ማጠንከር

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ለዚህ ልክ ነው። ስፌቱ ተፈትቶ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አራምዷት። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመራችሁ በቀን ሁለት ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርሱት። አጭርና ተደጋጋሚ ጉዞ ከአንድ ረጅም ጉዞ ይበልጣል። ሳምንቱን ሙሉ ተኝታ እሑድ ብቻ ብዙ የምትሮጥ ውሻ ቶሎ ትጎዳለች።

ለእግር ጉዞው ፍጥነት አያስፈልግም። ስትሮጥ በመዝለል ታልፈዋለች፤ ቀስ ብላ ስትራመድ ግን እያንዳንዱን እግር ትሠራበታለች። በቤት የሚሠሩ አራት ልምምዶችም አሉ።

አንደኛ፣ መቀመጥና መነሣት። ትንሽ የሥጋ ቁራጭ እያሳያችሁ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ታድርግ። ይህ የኋላ እግርን ጡንቻ ያዳብራል።

ሁለተኛ፣ ሚዛን። በታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም በስስ ፍራሽ ላይ አቁሟትና ለአሥር ሴኮንድ ያህል ትከሻዋንና ዳሌዋን በቀስታ ወዲህና ወዲያ ገፋ አድርጉ። ሳትወድቅ ሚዛኗን ስትጠብቅ የወገብና የሆድ ጡንቻዋ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ መጠማዘዝ። ሁለት ጀሪካን አራርቃችሁ አስቀምጡና በመካከላቸው ስምንት ቁጥር እየሠራች በቀስታ ትዙር። በሁለቱም አቅጣጫ መሆኑን አትርሱ።

አራተኛ፣ መሻገር። የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ አጋድሙና እየተራመደች ትሻገረው። መዝለል የለባትም።

በጊዜ ብዛት ጠንከር ስትል የሰፈሩን ዳገትና ቁልቁለት ተጠቀሙበት፤ በቀስታና በአጭሩ። የፊት እግር ላጣችው ቁልቁለቱን፣ የኋላ ላጣችው ዳገቱን አሳጥሩላት። ኳስ መወርወር ግን ይቅር። ኳስ የምታሳድድ ውሻ በድንገት ቆማ ስለምትጠመዘዝ የቀራትን ጉልበት ጅማት ልትበጥስ ትችላለች።

ማታ አምስት ደቂቃ ያህል ትከሻዋን፣ ጀርባዋንና ዳሌዋን በመዳፍ በቀስታ ማሸት የደከመ ጡንቻን ያፍታታል። ጥቅሙ በዚህ አያበቃም፤ በየቀኑ የሚነካት እጅ አዲስ እብጠት ወይም ሕመም ሲመጣ ቀድሞ ያውቃል።

ልኩን የምታውቁት በማግስቱ ነው። ጠዋት እንደወትሮዋ ከተነሣች ልክ ነበር። ካነከሰች፣ ለመነሣት ካመነታች ወይም ብዙ ከተኛች የትናንቱ በዝቷል፤ በግማሽ ቀንሱት።

ማን ምን ይሥራ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ወላጆች ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ ቀን ቤት የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ አያቶች ናቸው። የረፋዱ አሥር ደቂቃ ጉዞ የእነሱ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይስማማል፤ ዝግ ያለ እርምጃ ለአያትም ለውሻዋም ጉልበት ይበጃል። ልጆች የማታውን ልምምድና የውኃ ሳህኑን፣ ወላጆች ጥፍርን፣ ሚዛንንና ሐኪምን ይያዙ። ምግቧን የሚሰጥ ሰው ግን አንድ ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው «አልበላችም» ብሎ ካበላት ክብደቷን የሚቆጣጠር አይኖርም።

ለልጆች ሌላም ትምህርት አለው። ውሻዋን በጉድለቷ ስም አውጥተው እንዳይጠሯት አስተምሯቸው። እሷ የጎደላትን እያሰበች አታዝንም፤ ልጆችም በቀራት እንዲያዩዋት ማድረግ የወላጅ ድርሻ ነው።

ከበር ውጭ

ባለ ሦስት እግር ትንሽ ውሻ ከሰፈር ውሾች መንጋ ሮጣ አታመልጥም። በከተማዋ ዳርቻ ማታ ማታ ጅብም ይዞራል። ስለዚህ ያለ ማሰሪያ አትውጣ፤ ሲመሽ ደግሞ ደህና በሚዘጋ ቦታ ትደር።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ አሳድሱ። እግሯን ያጣችው በማይታወቅ ውሻ ተነክሳ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ከመንገር አትዘንጉ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። በሽታው ይኖርባቸዋል ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶዎቹ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሕመም ላይ ያለች የራሳችሁ ውሻም ልትነክስ ትችላለችና ቁስሏን የሚነካው አዋቂ ይሁን። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ቀድሞ ትወጣው የነበረውን ከፍታ ማቆም፣ ከእረፍት በኋላ መንገታገት፣ አንድን መገጣጠሚያ ደጋግሞ መላስ፣ ስትነካ ማጉረምረም፣ የአንዱ ጎን ጥፍር ከሌላው ይልቅ መሟለጥ፤ እነዚህ «እርጅና ነው» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። በቀሩት እግሮች ላይ ሕመም እየጀመረ መሆኑን ይናገራሉ፤ በጊዜው ከተደረሰበትም በክብደት ቅነሳ፣ በልምምድና በመድኃኒት ይረዳል። ምንም ባታዩም በየስድስት ወሩ እግሮቿን አስመርምሩ።

በከተማችን የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ራጅና ጠለቅ ያለ ምርመራ ካስፈለገ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ከኮልፌ ከተማዋን አቋርጦ መሄድን ይጠይቃልና ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ስትሄዱ የክትባት ወረቀቷን፣ የቀዶ ሕክምና ማስረጃዋንና የየወሩን ክብደት የጻፋችሁበትን ደብተር ያዙ። ሐኪሙ ከእናንተ ቃል ይልቅ ከዚያ ደብተር ብዙ ይረዳል።

ለመጀመር ነገን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አሮጌውን ምንጣፍ አንጥፉ፣ ጥፍሯን እዩ፣ ሳህኑን ከፍ አድርጉ። ክብደቷንም መዝናችሁ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።